ትንፋሽ ያጠራት መኪና

ጋሽ አስማረ ወደ ጋምቤላ የመጣው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከወሎ ከተጫኑት ሰፋሪዎች ጋር ነው። ሚስቱን ቦጋለችንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ወባ ሁለቱንም ልጆች ወሰደችበት። ከዚያ በሰፈራው ትራክተር ላይ ሥራ ለመደ፤ ቆይቶም ወደ ከተማ ገብቶ ከእኛ ግቢ ጎን፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር መኪና መጠገን ጀመረ።

መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሱ ግን «ልጆቼን ለማን ትቼ?» አለና ቀረ። ቦጋለችም አብራው ቀረች። እናቷ በሕይወት ነበሩ፤ ወሎ። ከመጣች ጀምሮ ዓይናቸውን አላየችም። እውነቱን ልናገርና እሷን እንደ እህቴ እወዳት ነበር፤ እሱን ግን አንዳንዴ በጥፊ ባልኩት ያሰኘኝ ነበር። ሰው ለሞቱት ብሎ በቁም ያለችውን እንዴት ያስራል እያልኩ እበሳጭ ነበር። ያኔ ወጣት ነኝ፤ ጋምቤላ ክልል አሥራ ሁለት ተብላ ገና ተቋቁማ በአንዱ አዲስ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ገብቼ ነበርና ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት የቦጋለች ታናሽ ወንድም ስንታየሁ አንዲት ነጭ አሮጌ የመስክ መኪና ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ሾፌር ነበር፤ መኪናዋንም ከሰው እጅ የገዛት ነው። እህቱን አቅፎ ብዙ ቆየና «እታለም፣ እማዬን አሟታል። አንቺን ሳላይ አልሞትም ትላለች» አላት። ቦጋለች ወዲያው ገብታ ልብሷን መቋጠር ጀመረች።

ችግሩ መኪናዋ ነበረች። ጥሩ አድርጋ ትሄድና ድንገት ጉልበቷ እየከዳት፣ እየተንገራገጨች ትጠፋለች። መንገድ ዳር ትንሽ ስታርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። ስንታየሁ በየደረሰበት ከተማ አሳይቷት፣ አንዱ ካንዴላ ቀየረለት፣ ሌላው ፊልትሮ፣ ሌላው ካርቡራቶሩን ፈቶ አጠበለት። መኪናዋ ግን ያው ነች።

«ታመው ነው የተባለው» አለ ጋሽ አስማረ፣ «መኪናዋ እንዲህ እየቆመች ቦጋለች መቼ ልትደርስላቸው ነው?» የያዘውን ሥራ ሁሉ ትቶ ኮፈኑን ከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ይዘዋት ወጡ። እስክትጠፋ ድረስ ነዷት። ስትጠፋ ጋሽ አስማረ ወደ ሞተሩ አልሄደም፤ ወደ ኋላ ዞሮ የሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ ክዳን ፈታ። ሰልባትዮው ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ አየሩን ሽው አድርጎ ሳበ። ወዲያው ሲያስነሷት ተነሳች።

«ነዳጅ አላጣችም፣ ትንፋሽ ነው ያጣችው» አለው። «ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ በቦታው አየር ካልገባ ሰልባትዮው ታፍኖ ቤንዚኑን አለቅም ይላል። እስቲ ንገረኝ፣ ነዳጅ ስትሞላ እንዴት ነው የምትሞላው?»

ስንታየሁ ሳቀ። እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሞላው። ያኔ በዚህ መንገድ ነዳጅ የሚገኘው ሲገኝ ነው፤ ስለዚህ ሾፌር ሁሉ በጀሪካን እስከ አንገቱ ይሞላል። ከዚያ ሰው ጠርቶ መኪናዋን ግራና ቀኝ ያስወዘውዛል፣ ቤንዚኑ ረጋ ብሎ ዝቅ ሲል እንደገና ይጨምራል። በዚህች ጨዋታ አምስት ሊትር ያተረፈ ሾፌር የዓለም ብልጥ እሱ ነው። ለሌሎቹ መኪኖች ግድ የለም። ይህቺ ግን ከሰልባትዮዋ ተነስቶ ኮፈን ሥር ወዳለች ከሰል የታጨቀባት ጣሳ የሚሄድ ቱቦ ነበራት። የቤንዚኑን ትነት ከሰሉ ይይዘዋል፤ ኋላ ሞተሩ ስቦ ያቃጥለዋል። አየርም ወደ ሰልባትዮው የሚመለሰው በዚያው ነው። እስከ አንገቷ ሞልተው ሲወዘውዟት በትነት ፈንታ ራሱ ቤንዚኑ ወደ ጣሳዋ ገባ። ከሰሉ ራሰ፣ የመንገዱ አቧራ ተጨመረበት፣ ጭቃ ሆኖ ደረቀ፤ የአየሩ መንገድ ተዘጋ።

«በቃ፣ ክዳኑን በምስማር ብሳውና እንሂድ» አለ ስንታየሁ፣ ወደ ግቢው እንደተመለሱ።

«ቤንዚኑ በየጠመዝማዛው እየፈሰሰ፣ ሽታው ውስጥ እየገባ? እህትህ የቤንዚን ሽታ አይሆንላትም። ስንመጣ በጭነት መኪናው ላይ አንጀቷ እስኪወጣ ነው ያስመለሳት። አሁንም እንደዚያ ሆና ትሂድ?»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ሥራው፣ ጋሼ። ነገም ሌላ ቀን ነው።»

ጋሽ አስማረ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እናትህ እኮ ናቸው! ምን ዓይነት ልጅ ነህ?» ስንታየሁ መሬት መሬቱን አየ። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁና በልቤ ሰደብኩት።

ጣሳዋን አውልቆ የደረቀውን ከሰል ደፋው። አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣት። ቱቦውን በአፉ እየነፋ ጠራረገ። አዲስ ከሰል ከቦጋለች ማዳበሪያ ወስዶ ወቀጠው፣ በወንፊት ነፋው፤ ዱቄቱን ጥሎ ፍርክስካሹን ብቻ ሞላው። ታችና ላዩን ጨርቅ አለበሰው፣ ክዳኑን በሽቦና ከጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ በቀደደው ላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። «የፋብሪካውን ያህል አይሆንም» አለ፣ «ወሎ ግን ያደርሳታል።» ምሳም አልበላም።

ቦጋለች በዚያን ጊዜ ማንጎ እየመረጠች ነበር። ጥሬ ጥሬውን። «እማዬ ማንጎ ቀምሳ አታውቅም» አለችኝ። «እስክደርስ ይበስላል።» አንዱ እንኳ እንዳይላጥ በገለባ ጠቀለለቻቸው። ስትዘፍን ሰምቻት የማላውቅ ሴት ያን ቀን አንጎራጎረች።

ሁለቱ ሰዎች ሊሞክሯት እንደገና ወጡ። መኪናዋ ከመጀመሪያው ቦታ አለፈች፣ ብዙም ሄደች፣ አልቆመችም። ጋሽ አስማረ ደስ ብሎት «በል ተመለስ፣ ዛሬውኑ ትነሳላችሁ» ሲለው ስንታየሁ መኪናዋን ዳር አቆማትና መሪው ላይ ተደፋ።

«ጋሼ፣ እማዬ አርፋለች። አርባዋንም አውጥተናል።»

ይህን ጋሽ አስማረ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እንደተመለሱ፣ አጥሩን ተደግፎ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ደጋ አገር ልማዱ እንዲህ ነው። ሩቅ ላለ ሰው ሞት በድንገት አይነገርም፤ ታመዋል ተብሎ ወደ ዘመዶቹ ይወሰድና እዚያ ሁሉ ተሰብስቦ በማለዳ መርዶውን ያረዱታል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በእኛ በጋምቤላዎቹ ዘንድ ሞት ሲመጣ የሰማው ሁሉ ወዲያው ይጮሃል።

«ጋሽ አስማረ፣ ንገራት እንጂ! ለሞተች እናት ማንጎ ስትጠቀልል ዝም ብለህ ታያለህ? ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?»

እሱም መለሰልኝ። «ኛኪየር፣ ልጆቻችን ሲሞቱ አጠገቧ ማን ነበር? ሰፈራው ውስጥ ሰው ሁሉ የየራሱን ሬሳ ነበር የሚያለቅሰው። እናት የለ፣ እህት የለ፣ ደግፎ የሚይዛት ዘመድ የለ። እኔም ወባው ጥሎኝ ተኝቻለሁ። ብቻዋን አለቀሰች። ሁለተኛ እንዲህ አይደረግባትም። እዚያ እህቶቿ ይይዟታል።»

«ከሄደች ትመለሳለች?»

«የሄደ ሁሉ መቼ ተመለሰ?» አለኝ።

በጥፊ ልለው የምመኘው ሰውዬ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። እሱ ግን «ዓይንሽን ጥረጊ፣ ታይሻለች» ብሎ ተቆጣኝ።

ቦጋለች የማንጎ ማዳበሪያዋን እግሯ ሥር አድርጋ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። ተሳሳምን። ደንግጬ እንዳታየኝ አንገቷ ሥር ተወሸቅሁ። ጋሽ አስማረ በሯን ዘጋላትና በመስኮቱ ትከሻዋን ያዘ።

«አስማረ» አለችው፣ «እደርስላት ይሆን?»

ስንታየሁ ወደ ፊት ለፊቱ ማየቱን አልተወም።

«መኪናዋ ከእንግዲህ መንገድ ላይ አትቆምም» አላት።

እሷም ይህን እሺ ብላ ወሰደችው። ፈገግ ብላ እጁን ሳመችውና ሄዱ።

መኪናዋ ከዓይን እስክትሰወር እጁን እያውለበለበ ቆመ። ከዚያ ግቢው መሃል ገብቶ «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ጮኸ። በሥነ ሥርዓት፣ አማት እንደሞተችበት ሰው። ጩኸቱን የሰሙ ሰፋሪዎች ከየቤታቸው ሮጠው መጡ፤ የእኔም እናት መጣች። ሴቶቹ ቦጋለችን ሊደግፉ ወደ ውስጥ ገቡና አጧት። ሳታውቅ መሄዷ ሲገባቸው ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሰው ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ ለእናቷ ለቅሶ ተቀመጥን፣ በራሷ ቤት፤ እሷ በዚያን ሰዓት ከጋምቤላ የሚያስወጣውን የቡሬን ዳገት ስትወጣ «ቶሎ በል እንጂ፣ እማዬ ትጠብቀኛለች» እያለች ወንድሟን ታጣድፍ ነበር።