የሚያልበው ግድግዳ

ከአገሬ ወጥቼ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ በሠራተኝነት የጀመርኩ ዕለት ማዳም ደንባቸውን ነገሩኝ። የመኝታ ክፍላቸው ኤሲ አይጠፋም፤ ግድግዳ ላይ እድፍ ማየት አይወዱም። "ልጅሽ ካንቺ ጋር ትደር። ቤቴን ካበላሸች ግን ትሄዳለች" አሉ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከነልጅ የሚቀበል ቤት ጥቂት ነው።

ክፍላችን ከማዳም መኝታ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በእሳቸው በኩል ብርድ፣ በእኛ በኩል ወበቅ። ሙቀቱ ሲበረታ በእኛ በኩል የሲሚንቶው ምሰሶ ያልበው ጀመር። ውሃው አጠገቡ ወዳለው ሶኬት ይወርዳል። ቀጥሎ ሻጋታ መጣ።

በየማለዳው ጸሎቴን አድርሼ በበረኪና እጠርገው ነበር። ማዳም ካዩት በልጄ ያሳብባሉ ብዬ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ልጄ "እማዬ፣ ግድግዳው ነዘረኝ" አለችኝ። ፍራሿን ወደ በሩ ሳብኩና ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኳት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መኝታ ክፍሉ አልቀዘቅዝ ሲላቸው ማዳም ግንበኛ አስመጡ። ድሬዳዋ ሠርተው አማርኛ የለመዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ አዴር ይላቸዋል፣ በሶማልኛ አጎት እንደማለት። ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ቅዝቃዜው በሲሚንቶው በኩል እያመለጠ ነው፤ በእናንተ በኩል ሙቀትና ብርድ የሚከልል ፎም እለጥፋለሁ አሉ።

"ያልበዋል?"

"ደረቅ ነው አዴር።" ያን ጠዋትም ጠርጌው ነበር።

"እኔን በዚህ ከተማ አርባ ዓመት ሲያልበኝ ኖሯል። እሱ በምን በለጠኝ?" ብለው ሳቁ። ቀጥሎ ሶኬቱን ሊፈቱ መፍቻ አነሱ።

"አይንኩት። መጀመሪያ መብራቱን ያጥፉ፤ ልጄን ነዝሯታል" አልኩ። ማዳም በሩ ላይ ቆመዋል።

መብራቱ ጠፍቶ ሶኬቱ ሲፈታ ውሃ ተንጠባጠበ።

"ጠርገሽ ደበቅሽብኝ" አሉ አዴር። "እርጥብ ላይ ብለጥፍ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብስ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ ማዳም።

"ልጄን ያስወጡብኛል ብዬ።"

"ዕቃሽን አውጪ" አሉ ማዳም። ፍራሹን መጠቅለል ጀመርኩ። "ግድግዳው እስኪደርቅ ሳሎን ትተኛላችሁ" አሉ ቀጥለው።

ለመድረቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አዴር ግድግዳውን፣ ምሰሶውንና የጣሪያውን ጠርዝ በፎም ሸፈኑ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ ደፈኑ። ሶኬቱ ሌላ ግድግዳ ላይ ሆነ።

ልጄን ያተረፈልኝ እግዚአብሔር ነው፤ እኔማ እየጠረግሁ ነበር። ቤት ሠራተኛ ሆናችሁ የምትገቡ እህቶቼ፣ ግድግዳ ሲያልበው ካያችሁ ባለቤቱን ጥሩ። እስኪያዩት አትጥረጉት።