የውዴ ንቅሳት

«ይቺን የቅንድብሽን ጠባሳ ካላጠፋኋት ፎቶው አያምርብሽም» አለኝ ፎቶ አንሺው ልጅ፣ አንስቶኝ ሲያበቃ ፊት ለፊት እያየኝ። ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልነሳ ነው ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት የገባሁት። አፌን ከፍቼ ልመልስለት ስል ከፕሪንተሩ የሌላ ሰው ፎቶ ወጣ። ትኩሱ ወረቀት ካውያ ገና ከላዩ የተነሳ ጨርቅ ይሸታል። ጋሼ ሰይድ ትዝ አለኝ።

የጋሼ ሰይድ ፎቶ ቤት ከቤታችን ጎን ነበር። አንቱ ስለው «አታስረጂኝ» ብሎ ስለከለከለኝ አንተ ነው የምለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ እዚያ እገባለሁ፤ እቤት አርፎ መቀመጥ ያኔም አይሆንልኝም። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ሚስማር ላይ ለደንበኛ ሁሉ የሚሆን አንድ ኮትና ባለላስቲክ ከረባት፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጀርባው እንደ እንስራ ያበጠ ኮምፒውተር። ሲበራ ወፍጮ ቤት የገባን ይመስል ነበር። ጋሼ ሰይድ ጋቢውን ተከናንቦ ማውሱን እየገፋ የሰው ፊት ያጸዳል። ብጉር ያነሳል፣ የተሸበሸበ ግንባር ይዘረጋል፣ ሁሉን ያቀላል። ከእሱ ቤት ጠይም ሆኖ የወጣ ሰው አላየሁም።

አንድ ክረምት እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴትዮ ከአንበሳሜ መጡ። በማግስቱ የሟች እህታቸው የውዴ ሙት ዓመት ነው። የቀረቻቸው አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷንም ጣሪያው አፍስሶባት ዝናብ አበላሽቷታል። ጋሼ ሰይድ ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቶ አጸዳት፣ አጎላት፣ አተመላቸው። እትዬ ጥሩዬ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዷት።

«ይቺ ማናት?»

«እህትዎ ናቸዋ።»

«ውዴ አንገቷ ሙሉ ንቅሳት ነው። አንተ የተነጨ ዶሮ አስመሰልካት።»

ለካ ጋሼ ሰይድ የንቅሳቱን መስመር የዝናብ እድፍ መስሎት ጠርጎታል። አሮጌዋን ፎቶ መልሶ ቢያያት እድፉና ንቅሳቱ ተደባልቀዋል፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

«ነገ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይቺን ሲያይ ማንን ብሎ ያልቅስ? ሌላ የለኝም እኮ» አሉ እትዬ ጥሩዬ። ከዚያ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ። «በል ና፣ ከእኔ ቅዳ። ባንድ ቀን ባንዲት ሴት እጅ ነው የተነቀስነው።»

ጋሼ ሰይድ አጠገቡ አስቀመጣቸው። አንገታቸውን እያየ፣ መስመር በመስመር፣ በማውስ ይነቅስ ጀመር።

«ቀና ይበሉ እስቲ፣ እትዬ።»

«አንተ ቀና በል። አጣመምኸው።»

«ማውሱ ነው።»

«ተወው፣ አታቅናው። የውዴም እዚያ ላይ ጠማማ ነው። መርፌው ሲወጋት ተነስታ ሮጣለች።»

ሦስታችንም ሳቅን። እሳቸው እየሳቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ወረቀቱ ሲወጣ ጋሼ ሰይድ «ይድረቅ» ቢላቸውም አልሰሙትም፤ ጠማማዋን መስመር በጣታቸው ዳሰሷት።

«አሁን መጣች» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰይድ ማውሱን ከመንካቱ በፊት ደንበኛውን አጠገቡ ያስቀምጥና «የቱን ልተወው?» ይላል። እኔንም ጠይቆኛል። ከአጥር ወድቄ የተፈነከትሁበትን ቅንድቤን በጣቴ አሳየሁት።

የመናኸሪያው ፎቶ ቤት ልጅ አሁንም ማውሱን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ተዋት» አልሁት።

«ኋላ እንዳትቆጪ።»

«አትምልኝ።»

አተመልኝ። ፎቶዎቹን ገና እንደሞቁ ተቀብዬ፣ ከፍዬው ወጣሁ።