ጭቃ የለበሰው ክፍል

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ከመምህራን የክረምት ስልጠና ስመለስ ክፍሌን አጣሁት። ከመኪናው መንገድ ወደ ትምህርት ቤታችን ስወርድ ክፍሌ የሆነው ነጩ ቤት ሁልጊዜ ከሩቅ ይታየኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን በቦታው የቆመው የጭቃ ቤት ነው። መንገድ የሳትኩ መስሎኝ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። ባንዲራው የኛ ነው፣ አጥሩም የኛው ነው።

ነጩ ቤት ተገጣጣሚ ነው። ባለፈው ዓመት በንፋስ መውጫ ከተማ በኩል ተለያይቶ በጭነት መኪና መጣና በብሎን ታስሮ በጥቂት ቀን ቆመ። ግድግዳው በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል የታመቀ ጭድ ነው። ያቆመው ወጣት መሐንዲስ እንዳስረዳን፣ በመሠራት ላይ ያለው የድንጋይ ክፍላችን እስኪያልቅ የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ይማሩበታል፤ ከዚያ ተፈትቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ መሬቱ ላይ ሲሚንቶ እንኳ አይተውም። የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ቤት እንዴት ይሄዳል አሉ። ነገሩ ለእኔም አልገባኝ ብሎ ነበር።

ለካ እኔ በሌለሁበት እናቶች ተሰብስበው፣ በግድግዳው ላይ ቀጫጭን ማገር አስረው፣ ጭቃ አቡክተው ከውጭ መርገውታል። ሥራውን ያስተባበሩት የአንዲት ተማሪዬ እናት፣ እርቃኑን የቆመ ቤት ልጅ ያሳምማል አሉኝ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሞቀኝ። ተናድጄ ይሁን ደስ ብሎኝ፣ ዛሬም መለየት ያቅተኛል።

በጥር፣ የድንጋዩ ክፍል ሥራ ዘግይቶ ገና ጣሪያ ሳይለብስ፣ ቤቱ የሚወሰድበት ቀን ደርሶ መኪናው መጣ። መሐንዲሱ ቤቱን ሲያይ ራሱን ያዘ። ተራው የደረሰው ከገደሉ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት በዳስ ውስጥ ነው። ብሎኖቹ ግን ሁሉም ጭቃው ስር ተቀብረዋል። ቤቱን ዞሮ አይቶ ሲያበቃ፣ መፍታት አይቻልም ብዬ ለመሥሪያ ቤቴ ላመለክት ነው አለኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ። ልጆቼ ሌላ ክፍል የላቸውም፤ ጭቃው አዳነን አልኩ በልቤ።

ይሄኔ ጭቃውን ያስመረጉት እኚያ እናት ቀረቡና ቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት። ነገራቸው። ጥቂት አሰቡና ዶማቸውን አንስተው ጭቃውን ከማዕዘኑ መፋቅ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሮጬ የሴትየዋን እጅ ያዝኩ።

“ምነው እትዬ? ልጅዎስ የት ትማር?”

“እኔ ምኑን አውቄው” አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “የማዶዎቹስ እናቶች ምን ይበሉ?”

ወደ መሐንዲሱም ዞረው፣ ስታቆመው መርጉት በላቸው፣ ንፋስ ያስገባል አሉት።

በጣም ተናደድኩባቸው። ልክ ናቸው ብዬም አሰብኩ። የትኛው ሐሳብ የእኔ እንደሆነ ሳላውቅ፣ የተፈታውን ግድግዳ በአንድ ጫፍ ተሸክሜ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ልጆቹ እንደ ወትሮው በሩ በነበረበት ቦታ ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊታቸው የመሠረቱ ድንጋይና የተደላደለ አፈር ብቻ ነው። ግቡ እስክላቸው ይጠብቃሉ። ወደ ቤታቸው ልመልሳቸው? ወዴት ልውሰዳቸው? የምለው ሲጠፋኝ ግቡ አልኳቸው።

ከፊት የቆመችው የሴትየዋ ልጅ ጫማዋን ድንጋዩ ላይ ጠርጋ ገባች።