አልታዘዝ ያለኝ ጣት

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስድሳ ተማሪ በአንድ ግልምጫ ጸጥ አሰኛለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ለከተማው እንግዳ ነው። እቤቴ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ አስቸገረችኝ። ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ትከሻዋን ነጠቅ ታደርጋለች፣ ጉሮሮዋን እህ እህ ታሰኛለች። «ተይ!» ስላት ለአፍታ ትይዘውና መልሶ ይብስባታል። «ሆን ብዬ አይደለም አባዬ፣ ራሱ ነው የሚመጣው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ ይሄማ ንቀት ነው ብዬ ድርቅ። እናቷ ደብረ ወርቅ ድረስ ጠበል ወስዳት ተመለሱ፤ እኔ ያው ቁጣዬን ቀጠልኩ።

በኋላ ለጥናት ከተማችን የመጡ ሐኪሞች ችግሩ ቲክ የሚባል ሕመም እንደሆነ ነገሩን። ይህ ያለባቸው ልጆች አእምሮ እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያዝዝና እንደሚገታ በማግኔት በሚሠራ ማሽን ይለካሉ። ከመካከላቸው አንዷ ወጣት ሐኪም «ይህ ሕክምና አይደለም፤ ለማወቅ ነው» ብላ በግልጽ ነገረችን። ወደድኳት። ልጅዎ እንድትሳተፍ ይፈርሙ ስትለኝ ግን «መጀመሪያ በእኔ ይሞከር!» አልኩ።

«ጭንቅላትዎ ውስጥ ብረት ነገር አለ?»

«ከሒሳብ በቀር ምንም የለም።»

ሳቀች። ወንበር ላይ አስቀምጣኝ የማሽኑን ክብ ማግኔት ከአናቴ በስተግራ አስጠጋች። «እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ፤ ጣትዎን እንዳያንቀሳቅሱ።»

«ምን ችግር አለ!»

ማሽኑ ቀጭ አለ። የቀኝ አውራ ጣቴ ብድግ!

«ሳልዘጋጅ ነው፤ ድገሚው» አልኩ። ጥርሴን ነከስኩ። ቀጭ፤ ብድግ። ሦስተኛው ላይ አላበኝ። ምን ጉድ ነው! ስንቱን ሳዝዝ የኖርኩት ሰውዬ አንድ አውራ ጣት አልታዘዝ አለኝ።

«ይተዉት፣ በጉልበት አይሆንም፤ ጣትዎን ያዘዘው ማሽኑ ነው» አለች ሐኪሟ። «የልጅዎ ደግሞ ያለ ማሽን፣ ከውስጥ ነው የሚመጣባት።»

ልጄ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ ያስለቀስኳት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«እውነትሽን ነበር፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ተጠግታ ጣቴን ያዘችኝ። ትከሻዋ ነጠቅ አለ፤ ልትደብቀው አልሞከረችም።

«ማሽኑ ሦስት ጊዜ ነገረህ፣ አመንከው» አለችኝ። «እኔስ አባዬ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ?»