የቢጫዋ ጀሪካን ሦስት ቀዳዳ

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነገሌ ቦረና የከፈተውን ሱቅ እኔ ጌም ቤት አደረግኩት። ስኳርና ሳሙና ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ አራት ኮምፒውተር አስቀመጥኩ። ደንበኞቼ ከሁሉም የሚወዱት አንድ ያረጀ የተኩስ ጨዋታ ነበር፤ ወታደር ሆነህ በጠባብ መተላለፊያ እየሮጥክ ትተኩሳለህ፣ መንገድህ ላይ ያለውን በርሜል ስትመታው በእሳት ይፈነዳል። እኔ ደግሞ ዝና አማረኝ። ጨዋታውን እንደ አዲስ ልሠራውና ነገሌን ከነባጃጇ ላስገባበት ተነሣሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የፊዚክስ መምህር ነበር። ሥራውን ከጀመርንበት ቀን አንስቶ ተጣላን፤ እኔ እውነት ይምሰል እላለሁ፣ እሱ ያጫውት ይላል።

«ሰው እዚህ የሚመጣው ሊጫወት ነው። መኖሩንማ ውጭ ይኖረዋል» ይለኝ ነበር።

አልሰማሁትም። ተጫዋቹ አንድ ጥይት ሲነካው እንዲሞት አደረግኩ። በፀሐይ ሲሮጥ ውሃ እንዲጠማውና እንዲዝልም አደረግኩ። ደንበኞቼ ሁለት ቀን ሞክረው ወደ ድሮው ጨዋታ ተመለሱ። አንዱማ «ውሃ ጥሙ እቤትም አለ» ብሎኝ ወጣ። አፈርኩና ሁለቱንም አነሣሁ። በእጄ የቀረችው እውነት ጀሪካኗ ብቻ ነበረች።

በበርሜሎቹ ምትክ ቢጫ ጀሪካን አስገብቼ ነበር። ችግሩ ስትመታ እንደ በርሜሉ በእሳት መፈንዳቷ ነው። ይህ አናደደኝ፤ ጀሪካን እንዴት እንደሚያፈስ የማያውቅ የነገሌ ሰው የት አለ? መምህሩ «ከፍ ብላ ከተቀመጠች የላይኛው ቀዳዳ ውሃውን ቅርብ ይጥለዋል፣ የታችኛው ሩቅ። ና በወረቀት ልሥልልህ» አለኝ። ሥዕሉን ብቀበለው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ዓመቱ የድርቅ ነበር። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ሴቶቹ ይቀዱና አንዱን ጀሪካን አዝለው ሲሄዱ ሌላውን ተመልሰው እስኪወስዱት በሱቄ ግድግዳ ጥላ ሥር ያኖሩታል። ከነሱ መካከል ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ከገጠር ወደ ከተማው ዳር የመጡ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛዋ አሮጊት ናቸው፤ ሌላዋ እሳቸውን እንደ እናቷ የምታይ ጎልማሳ ሴት። አንድ ረፋድ ሁለቱም ቢጫ ጀሪካናቸውን ሞልተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። አሮጊቷ በሩ ላይ ብቅ ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሉኝ።

«ናጋ ቡልቴ ልጄ? ቢሻኗን፣ ውሃዬን እይልኝ፣ አደራ።»

«እሺ አዮ፣ እሺ እናቴ፣ አያስቡ» አልኳቸው።

ውሃው ሲፈስ በዓይኔ አይቼ መቅረጽ ፈለግኩ። እናቴ ቤት ሦስት ጀሪካን ነበረን። የራሳችንን መብሳት ግን አሳሳኝ። የአሮጊቷ ጀሪካን አርጅታ፣ ክዳኗ ጠፍቶ በፌስታል ተወትፋ ነበር፤ «ይቺማ ምን ትሆናለች» አልኩ። በርጩማ ላይ አቁሜ ከፊቷ ሰፊ ሳፋ አስቀመጥኩ። በምስማር ከላይ አንድ፣ ከወገቧ አንድ፣ ከታች አንድ በሳሁና ውሃው ሲወርድ በስልኬ ቀረጽኩ። እንዴት እንደሚያምር! መምህሩ ያለው እውነት ነበር። ሳፋው ውስጥ የወረደውን መልሼ ጨመርኩላት፣ ቀዳዳዎቹን በልብስ ሳሙና ደፈንኩ፣ ወደ ኮምፒውተሬ ሮጥኩ። ከጠብታ በቀር ያጎደልኩት የለም ብዬ ነበር።

ጎረቤታቸው ቀድማ መጥታ የራሷን ወሰደች። አሮጊቷ ሲደርሱ ሳሙናው ለቆ መሬቱ ርሷል፤ ጀሪካኗም ከግማሽ በታች ሆናለች። አገላብጠው አዩዋት።

«ይቺ የኔ አይደለችም! የኔ ቀዳዳ የላትም። ጎረቤቴ ፌስታሉን ወደዚች ወደ ራሷ ቀዳዳ ጀሪካን አዛውራ ደህናዋን ወሰደችብኝ» አሉ።

ዞረው እኔን ጠየቁኝ። እውነቱ አፌ ላይ ነበረ። «አላየሁም አዮ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ወሬውን ሰምታ ጀሪካኗን አዝላ መጣች። ሰው ተሰብስቧል። አልጮኸችም፣ አልማለችም።

«እኔ አልወሰድኩም። ግን በውሃ አንጣላም» አለችና ከጀሪካኗ ግማሹን ለአሮጊቷ ገለበጠችላቸው።

አሮጊቷ ውሃውን ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው «ባታጠፋ ኖሮ ትሰጠኝ ነበር?» አሉ። ሰዉም «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤታቸው በግማሽ የጎደለች ጀሪካኗን አዝላ ስትሄድ እኔ በሬን ተደግፌ አያታለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ያኔውኑ ነቅዞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አብረው ቦቴ ሲጠብቁ አላየሁም።

ሳምንት ሳይሞላ አሮጊቷ ጀሪካኗን ይዘው መጡ። ላስቲክ አቅልጠው ሦስቱን ቀዳዳ ደፍነዋል፤ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጥቁር ጠባሳ።

«ልጄ፣ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ። ሁለተኛ እንዳይለውጡብኝ ምልክት አድርግልኝ።»

ምን ምልክት እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ጎንበስ ብለው በጣታቸው አፈሩ ላይ ሣሉልኝ፤ ሁለት ሰረዝና ከሥራቸው ግማሽ ክብ። ከብቶቻቸው ላይ በጋለ ብረት የሚተኩሱት የቤተሰባቸው ምልክት ነው።

«ከብቶቹ አለቁ። ምልክቱ አለ» አሉ።

በጥቁር ቀለም ሣልኩላቸው። መረቁኝም። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩና እሳቸው ዞር ሲሉ ያንኑ ምልክት ጨዋታው ውስጥ ያሉት ጀሪካኖች ላይ አደረግኩት። እውነት ይመስላላ! ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል። አደራ በላ ሲሉ የሚሰድቡት እንደኔ ያለውን ነው።

ጨዋታው ተወደደ። ከፊልቱ ከተማ ከብት ይዘው የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ለጀሪካኗ ሲሉ ይቀመጡ ነበር። ያልወደደው መምህሩ ብቻ ነው። የቀረጽኩትን ከማስመሰል ሌላ ስለማልችል፣ ጥይቱ የትም ይምታት ውሃው የሚወጣው ከነዚያው ከሦስቱ ቦታ ነበር።

«ጥይቱ አንድ፣ ቀዳዳው ሦስት! የምን ፊዚክስ ነው?» ይለኛል።

«ሰው ወዶታል» እለዋለሁ። ያኔ እውነቱ ቀርቶ ጨዋታው ነበር የበለጠብኝ።

አንድ ቀን አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው ጀሪካኗን አደራ ሊሉኝ በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ደንበኛ እየተጫወተ ነበር። ስክሪኑን አዩና ፊታቸው በራ።

«ይቺ የኔ ናት! ምልክቴ!» አሉ እየሳቁ።

ደንበኛው ሊያስደስታቸው ብሎ ተኮሰ። ውሃው ወጣ፤ ከላይ ቅርብ፣ ከመሃል ራቅ፣ ከታች ሩቅ። ደንበኛው አጨበጨበ። አሮጊቷ ሳቃቸውን አቆሙ። እጃቸው ላይ ያለችውን ጀሪካን አዞሩና በጣታቸው አንደኛውን ጠባሳ ነኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«ውሃዋን ሰጠችኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ጀሪካኗን አነሡና ወጡ። ወደ ቦቴው አልሄዱም፣ ወደ ቤታቸውም አልሄዱም፤ ወደ ጎረቤታቸው ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፉ። መንገዱን እኔም አውቀው ነበር። ከሱቄ አምስት ደቂቃ አይሞላም።