ካፕ የምትለዋ ቃል

ያይኔአበባ የምትኖርበት መንደር ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ ነው። የመንደሩ ሰው ውሃ የሚቀዳው ዋንዛ ሥር ከሚባለው ምንጭ ሲሆን፣ ከብቱም የሚጠጣው እዚያው ገብቶ ነው። ክረምት ሲሆን ፍጉና ጭቃው አብሮ ይገባበታል። ልጇ ንጋት በታይፎይድ ተኝታ ተነሥታ፣ ያንኑ ውሃ ጠጥታ መልሳ ተኝታለች። ስለዚህ «የውሃ ሰዎች መጡ» ሲባል ከሁሉ ቀድማ ስብሰባው ላይ የተገኘችው ያይኔአበባ ነበረች።

የመጡት አንድ ህንዳዊ መሐንዲስና ውዳሴ የምትባል አስተርጓሚው ናቸው። መሐንዲሱ ምንጩን ዞሮ ዞሮ አየና አንዲት አጭር ቃል ደጋግሞ ተናገረ፤ «ካፕ»። ውዳሴ ትንሽ አሰበችና፣

«ምንጩን ሊደፍኑት… ማለቴ ሊከድኑት ነው» አለች።

«ሊደፍኑት» የምትለዋ ከአፏ ከወጣች በኋላ ማን ይመልሳት! በከብት ሀብታቸው የታወቁት ሽማግሌ፣ አያ ቸኮለ፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ብድግ አሉ።

«አባቶቻችን የጠጡትን ምንጭ ደፍናችሁ ከብቱን ምን ልታጠጡልን ነው? በሉ፣ እንደ መጣችሁ ተመለሱ!»

ሰዉ ሁሉ ተከትሏቸው ተነሣ። አንዱ፣ «ካፕ ማለት ቆብ አይደል? ምንጩን ሊያመነኩሱት ነው እኮ!» ብሎ ቀለደ፤ ሳቁ ግን ቁጣውን አላበረደውም። መሐንዲሱ ምን እንደ ተፈጠረ ሳይገባው መኪናው ውስጥ ገባ። ውዳሴ እንባ ባቀረረ ዓይኗ፣ «እኔ እኮ… ቃሉ ብዙ ትርጉም አለው» ስትል የሰማቻት ያይኔአበባ ብቻ ነበረች። ስልክ ቁጥሯን ተቀብላ ሸኘቻት።

ያይኔአበባ ትምህርቷን ያቋረጠችው ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች፣ ስትዳር ነው። ካፕ ቆብ መሆኑን እሷም ታውቃለች። ቆብ ግን ራስን ይሸፍናል እንጂ አፍ አይዘጋም። «ይኸን ሳላጣራማ አርፌ አልቀመጥም» አለችና በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም ሄደች፤ ወደ የኔታ ክንፈሚካኤል ቤት። የኔታ በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ፣ ኋላ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሷንም አስተምረዋታል።

«የኔታ፣ ካፕ ማለት መድፈን ነው ወይስ መክደን?» አለችና በስብሰባው ላይ የሆነውን ሁሉ አጫወተቻቸው።

«ይችን ቃል ይዘሽ ነው ከዚያ ድረስ የመጣሽ?» አሉና ደስ አላቸው። «ጥንት በላቲን ካፓ ይሏት ነበር፤ ራስንም ትከሻንም የምትሸፍን ልብስ ናት። የእኛው ካባ ዘመዷ ትሁን አትሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማርቲን የሚባል ወታደር እንዲህ ያለውን ልብሱን ለሁለት ቀዶ ግማሹን ለለማኝ ሰጠ ይላሉ። የቀረችው ግማሽ ተከብራ የተቀመጠችበት ቤት በስሟ ተጠራ፤ ፈረንጆች ትንሿን ጸሎት ቤት ቻፕል የሚሏት ከዚያ የተነሣ ነው። ማምለጥንም ኢስኬፕ ይሉታል፤ ከካባ መውጣት እንደ ማለት ነው። ዮሴፍ ልብሱን በሴቲቱ እጅ ጥሎ እንደ ሸሸው።»

«ምንጩስ?»

«ቆይ እንጂ! የጠርሙስ ቆርኪም ካፕ ነው። ለወጪ ጣሪያ ማበጀትም ካፕ ነው። ነዳጅ የሚፈልቅበትን ጉድጓድ ካፕ አደረጉት ካሉሽ ደፈኑት ማለት ነው። ምንጭን ከሆነ ግን ዓይኑን ጠርገው፣ በድንጋይ ገንብተው ከላይ ይከድኑትና ውሃውን በቧንቧ ያወጡታል።»

«ታዲያ ሰውዬው የትኛውን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«ምንጭ ላይ ቆሞ ከተናገረ የኋለኛውን ይመስለኛል። ይመስለኛል ማለት ግን ለአያ ቸኮለ አይበቃም። ራሱን ጠይቂው።»

«ውዳሴ ብትተረጉም አሁን የሚያምናት የለም።»

«እንግዲያስ አንች በአፍሽ ጠይቂው» አሉና አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠኗት። ያይኔአበባ እስክትመለስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትለማመድ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዳዊት የምትደግም መስሏት ዝም አለቻት።

አያ ቸኮለን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙልኝ። ሊደፍኑት ከሆነ ከእርስዎ ፊት ቀድማ የምትቆም እኔ ነኝ» አለቻቸው፤ እያጉረመረሙ እሺ አሉ። መሐንዲሱ አንዴ ተባርሯልና መመለሱን አልወደደውም። እሷ ግን ውዳሴ ዘንድ መደወሏን አልተወችም፤ ከፋሲካ በኋላ መጡ።

ያይኔአበባ ሰው በተሰበሰበበት መሐንዲሱ ፊት ቆመች። የኔታ ያስጠኗትን ጮክ ብላ ጠየቀች።

«ዌር ዊል ዘ ወተር ካም አውት?»

መሐንዲሱ ደንግጦ አያት። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት ጭቃው ላይ ሣለ፤ የምንጩን ዓይን፣ ከበላዩ ክዳኑን፣ ከጎኑ ቧንቧውን። ውሃው በየት እንደሚወጣ በጣቱ ተከትሎ አሳየ። ውዳሴ መተርጎም እንኳን አላስፈለጋትም።

አያ ቸኮለ አጎንብሰው አዩና፣ «ከብቱስ?» አሉ።

ለዚህ የተጠና ዓረፍተ ነገር የለም። ያይኔአበባ ወደ በሬዎቹ እየጠቆመች፣ «ካው! ካው!» ስትል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ። የከብት ገንዳ ግን በዕቅዱ አልነበረም። ያይኔአበባ ወደ ውዳሴ ዞረች።

«ገንዳ ከሌለ ከብቱ ተመልሶ ምንጩ ላይ ይወጣል፤ የገነባችሁትን ይረግጠዋል በይልኝ። ገንዳ ከሠራችሁ ድንጋይና አሸዋ እኛ እንሸከማለን።»

ሰውዬው ትንሽ አመነታ፤ ኋላ ጭቃው ላይ ከቧንቧው ግርጌ አንድ ሣጥን ጨመረ።

ሥራው ክረምት ሳይገባ አለቀ። ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ ወጥቶ ሰዉን አስጨነቀ፣ ከዚያ ጠራ። አያ ቸኮለ ዛሬም ብረት ብረት ይላል እያሉ ያማርራሉ፤ ከብቶቻቸው ግን ገንዳውን ለማንም አይለቁም። ንጋት ያን ክረምት ሳትታመም ከረመች።

በመስከረም ያይኔአበባ ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች። ቅዳሜ ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ጎራ ትላለች። ሰሞኑን የያዙት ስፕሪንግ የምትለዋን ቃል ነው፤ ምንጭም፣ ጸደይም፣ የአልጋ ሞላም ትሆናለች። ሦስቱን ምን እንዳዛመዳቸው ካልነገሩኝ ብላ ይዛቸዋለች።