ሰባተኛው ቀይ ክዳን

ስላነበብኩ ከሥራ ተባረርኩ። ሌላ ጥፋት የለብኝም።

የምሠራበት ድርጅት የራሱ ሮኬት የለውም። ባሕር ማዶ በሚተኮስ የሌሎች ሮኬት ላይ ቦታ ይገዛል፤ ደንበኞች የሠሯቸውን ትንንሽ ሳተላይቶች ጆሃንስበርግ ባለው መጋዘኑ ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ አንቀጥቅጦ ፈትኖ፣ አሽጎ በአውሮፕላን ይልካል። አሻጊው እኔ ነበርኩ። ሮኬት እንደ ዲፕስሉት ሰፈር ታክሲ እስኪሞላ አይቆምም። ሳተላይቱ ከዘገየ ክብደቱን የሚያክል ብረት በቦታው አስረው ይሄዳሉ።

ሳተላይት ሣጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀይ መከላከያ ክዳኖቹ ይነሳሉ። አንዱ ከወረቀት ያነብባል፣ ሌላው ክዳኑን አንስቶ ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ጠቡ የተነሳ ቀን የድርጅቱ መሐንዲስ ሳያነብ ክዳኖቹን ብቻውን አነሳሳና፣ ሣጥኑን ዘግቶ «ፈርም» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ።

«ሃው፣ ማዳላ!» አለ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው። «አውሮፕላን አንተን ሊጠብቅ ነው? ፈርም እንጂ አንብብ ማን አለህ?»

«ሰባት ይላል። የተሰቀለው ስድስት ነው።»

«መቼ ማንበብ ጀመርክና ነው?»

«ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። ለዚያ ነው የማልዘለው።»

ሱቅ ውስጥ ዘይትና ሳሙና በቀለሙ እየለየሁ ስሸጥ ኖሬ፣ ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ጥቅሱን በቃሉ የሚወጣ ሰው እንኳ ጣቱ መስመሩ ላይ ከሌለ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንግሊዝኛውንም በዚያው ጣት ተማርኩት።

አልፈረምኩም። ሌላ ፈራሚ እስኪያገኙ አውሮፕላኑ ሄደ፤ ሮኬቱም ብረት ይዞ ወጣ። የስንብት ደብዳቤዬ «መመሪያ ማንበብ ባለመቻሉ ሥራ አስተጓጉሏል» ይላል። በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከሰስኳቸው።

ጉዳዩን የያዘችው የሠራተኛ ክርክር ዳኛ ያንኑ የክዳኖቹን ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። ጣቴን አስቀምጬ ጀመርኩ። መሐንዲሱ ሰዓቱን ሲያይ «ይጨርስ» አለችው። ጨረስኩ። ቀጥላ የሳተላይቱን ባለቤት ደብዳቤ አነበበች፤ ሣጥኑ ተመልሶ ሲከፈት ሰባተኛው ክዳን ካሜራው ላይ ተገኝቷል። ሳተላይቱ እንደዚያው ቢወጣ ኖሮ ዕውር ሆኖ ነበር የሚዞረው።

ድርጅቱ ጥሩ የምስክር ወረቀት ሰጥቶኝ በሰላም እንድንለያይ ጠየቀ።

«ምስክር ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ሥራዬን ነው የምፈልገው» አልኩ። «ከእንግዲህ አንባቢውም እኔ ነኝ።»

ወደ ሥራዬ የምመለስበትን ስምምነት ሲያቀርቡልኝ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩ፤ ሁሉም ጠበቁኝ። የፈረምኩት ሐሙስ፣ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ነው።